የከድጃ አንገት

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ብሎ አይጀምርም ነበር። «መብራታችሁ እንዴት አደረ?» ነበር የሚባለው። «አረንጓዴ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል የተጠየቀው፤ ክርስቲያኑም «አረንጓዴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብና ስለ ኑሮ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ያላደረለት ሰው ሰላምታው ሳይደርሰው መንገድ ይቀይራል።

መብራቱ ከየቤቱ የውጭ በር በላይ ተሰቅሏል። ከውስጥ፣ ከሳሎኑ ጥግ፣ የድስት ክዳን የምታህል፣ ታዛቢ የምትባል መሣሪያ አለች። የቤተሰቡን ፊት ታያለች፣ ድምፅ ትሰማለች፣ ከሁሉ በላይ ግን የአንገት ደም ሥር ትመለከታለች፤ ጨርቅም አያግዳትም። ቁጣ ካየች መብራቱን ቢጫ፣ ከባሰ ቀይ ታደርገዋለች። መጀመሪያ የመጣችው ቤት ውስጥ የሚደበደቡ ሴቶችን ለመታደግ ነበር፤ ታድጋለችም፤ ይህን ማንም አይክድም። ኋላ ግን ቅሬው ተረከባት። ቅሬ ማለት የሰፈሩ ሰው የሚቀባበርበት፣ የሚዳዳርበትና የሚታረቅበት የጥንት ማኅበር ነው። ድሮ ጠብ የሚሰማው ጠበኛው ሲከስ ነበር፤ አሁን ከሳሽ አያስፈልገውም፣ መብራት ይበቃዋል።

ሰውም ለመደው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ፈገግ ብለው፣ ድምፃቸውን አለዝበው መጣላት ቻሉ። ሐዘን የገባበት ቤት መብራቱ እንዲጠፋለት ቅሬውን አስቀድሞ ያስፈቅዳል፤ ሞት ድንገት ከመጣ ግን አልቃሹ እንባውን ውጦ ፈቃዱን ይጠብቃል። ምጥ የያዛት ሴትም እንዲሁ።

ይመር እንድሪስ በዚህ ሁሉ ደስተኛ ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ነበር። ደረቅ ወደቡ ላይ ጎሚስታ ነው። ሾፌር የሌላቸው ከባድ መኪኖች ከጅቡቲ ተሰልፈው ሲገቡ ዕቃውን የሚያወርደው መሣሪያ ነው፤ ጎማው ግን አሁንም በሰው እጅ ይፈተሻል። ይመር መዳፉን በጎማው ጎን ላይ አስኪዶ፣ ዓይን የማያየውን እባጭ ያገኛል። «ይቺ ጅቡቲ አትደርስም» ካለ አትደርስም። ቤቱም እንደ ሥራው ነበር፣ እንከን የሌለው። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት የመብራቱን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። አረንጓዴው ደመቅ ብሎ ሲታይ ደስ ይለዋል።

ሚስቱ ከድጃ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በስፌቷ ሳይሆን በሳቋ ነው። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ እስኪወርድ ነው የምትስቀው። ይመር ያገባትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚሁ ሳቋ ብሎ ነው።

ቢጫው የጀመረው በዚያው ሳቅ ነው። ጎረቤታቸው ሶፍያ ለልኬት መጥታ ስለ አባቷ ታጫውታታለች። ሽማግሌው ሾፌር የሌለው አውቶብስ ውስጥ ተቀምጠው «ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ፣ አንተ ልጅ!» እያሉ ባዶውን ወንበር ሲማጸኑ፣ አውቶብሱ ሐርቡ ድረስ ይዟቸው ሄደ። ከድጃ መቀሱን ጥላ ሳቀች። ይመር ከሥራ ሲመለስ የቤቱ መብራት ቢጫ ሆኖ ጠበቀው።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ጫማውን ሳያወልቅ። «ማን አስቆጣሽ?»

«ማንም። ስቄ ነው።»

«ሳቅ ቢጫ አያደርግም፣ ከድጃ።»

«እኔንስ የገረመኝ!» አለችና እንደገና ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ያየው። በቀኝ አንገቷ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ሎሚ የምታህል ነገር ተነፋች። ሳቋ ሲቆም ሟሽሻ ጠፋች።

«አየሃት?» አለች እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ። «ሰሞኑን ነው የጀመረችኝ። አታምም። ሳስልም ትመጣለች፣ ባልዲ ሳነሳም ትመጣለች። እስቲ ንካት፣ እንደ ሊጥ ናት።»

ይመር አልነካም። የሰው አንገት ሥር ተገትሮ ሲያይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አባቱም ሲቆጡ እንዲያ ነበሩ፣ ሰፈሩም እንዲያ ነው የሚለው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ይኼው፣ ተገትሮ የለም እንዴ» አለ በሆዱ።

ከዚያ በኋላ ቢጫው ለቤቱ እንግዳ መሆኑ ቀረ። ይባስ ብሎ በሶላት ሰዓት መጣ። ከድጃ ሱጁድ ወርዳ ግንባሯ ምንጣፉን ሲነካ፣ ደሙ ወደ አንገቷ ይወርድና ያቺ ነገር ትነፋለች፤ ውጭ መብራቱ ይቀየራል። ጎረቤት ሰዓቱን ያውቃል። «ስትሰግድ እንኳ ትቆጣለች» ተባለ። «ሰውስ ይሁን፣ ከፈጣሪዋ ጋር ምን አጣላት?»

ይመር ሀፍረቱን መሸከም አቃተው። ሠራተኛ አስመጥቶ ታዛቢዋን አስፈተሸ፤ «ደህና ናት» ተባለ። ከሥራ ሲመለስ በዋናው መንገድ መምጣቱን ትቶ በቦርከና ዳር መዞር ጀመረ። የወደቡ አለቃ ሰው ወደማይደርስበት ወደ ኋለኛው ግቢ አዛወረው፤ ምክንያት አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። የሠርግ ጥሪ ቀረባቸው። ቤት ሲገባ ሚስቱን «አትሳቂ» ይላታል። «ስትስይ አፍሽን ያዥ። ባልዲውን እኔ አነሳዋለሁ።» እሷም መጀመሪያ ተከራከረች፣ ቀጥላ ዝም አለች፣ በመጨረሻም ሳቋን ተወችው። ሶፍያ ስትመጣ በስፌቱ አሳባ ቀና አትልም።

አንድ አርብ ግን፣ ምሳ አቅርባለት ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«ይመር፣ ደሴ ውሰደኝ። ሐኪም ይየኝ።»

«እዚህ ጤና ጣቢያ አለ አይደል?»

«እዚህማ በሩ ላይ ያለችው ታዛቢ ቀድማ ታነበኛለች። ቢጫ የሆነ ሰው ሐኪም ሳያየው ለእርማት ርጋታ ቤት እንደሚላክ አጥተኸው ነው? ደሴ አክስቴ የምታውቃት ዶክተር አለች፤ በእጇ ነው የምታየው ይላሉ።»

ይመር ጉርሻውን አኘከ። ደሴ ለመሄድ ከቅሬው የመልካም ጠባይ ቃል መቀበል አለበት፤ ያን ለመቀበል ደግሞ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ኑርዬ ፊት ቆሞ ምክንያቱን መናገር። «ሰው ምን ይላል?» አለ። «ይኼን ያህል ጊዜ አንገቴን ያስደፋሽኝ አይበቃም?»

ከድጃ ሳህኑን አንስታ ወጣች።

ቅሬው የጠራቸው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ኑርዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድሮ አስተማሪ ነበሩ፣ የሰፈሩን ልጆች ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ዘለቀ» አሉ። «ይመር፣ የቤቱ ራስ አንተ ነህ። ቁጣው የማነው? የአንተ ከሆነ ንገረንና አብረን እናርመው። የእሷም ከሆነ ንገረን።»

ከድጃ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ወደ ባሏ አየች። ጥያቄው መልስ አያጣም ነበር፤ «እንጃ፣ አንገቷ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ ሐኪም ይያት» ማለት ይቻላል። ይመር ይህን ያውቅ ነበር። ነገር ግን የሰው ዓይን በዛበት። አረንጓዴው መብራቱ፣ የቀድሞ ግቢው፣ ሰላምታው፣ ሁሉም ከአንድ ቃል ወዲያ እንዳለ ተሰማው።

«ባለቤቴ ቁጡ ናት» አለ። «ላርማት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።»

አዳራሹ እፎይ አለ። ከድጃ ነጠላዋን አስተካከለችና አንገቷን ደፋች። ይመር ያን አይቶ ተቀመጠ።

ከድጃ የተላከችበት ርጋታ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዛፍ የበዛበት፣ ንጹሕ ቦታ ነው። ማንም ማንንም አያንገላታም። ሰዎቹ ተደርድረው ተቀምጠው እኩል ይተነፍሳሉ፣ ለብ ያለ ወተት ይጠጣሉ፣ የተቆጡበትን ነገር ይናገራሉ። የተቆጣበት ነገር የሌለው ሰው እስኪያገኝ ይጠበቃል። ይመር ሊጠይቃት ሲሄድ ከድጃ ዝርዝር አውጥታ ነበር፤ በእናቷ፣ በስፌት መኪናዋ፣ በዝናቡ።

«እውነት በዝናቡ ተቆጥተሽ ነው?» አላት።

«የሆነ ነገር በይ ይሉኛል» አለች። አንገቷን እያሸች ነበር። «አሁን አሁን ያመኛል።»

በመጨረሻ የጠራው ስልክ ከዚያው ከርጋታ ቤቱ ነበር። ከድጃ ጉንፋን ይዟት ስታስል አንገቷ ጠጥሮ ትኩሳት ያዛት። ሠራተኞቹ ፈርተው ከደሴ ሐኪም አስመጡ። ዶክተር ፀዳለ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። የከድጃ አክስት የምታወራላቸው ሐኪም መሆናቸውን ይመር ያወቀው ኋላ ነው። ሲገባ ከድጃ አልጋ ላይ ተጋድማለች።

«ባሏ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ይቺን እባጭ ያውቋታል?»

«የአንገት ሥሯ ነው። ስትቆጣ ይገተራል።»

ዶክተሯ ቀና ብለው አዩት። «ነክተዋት ያውቃሉ?»

ይመር እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«እስቲ ይምጡ። እጅዎን እዚህ።»

መዳፉን አንገቷ ላይ አደረገ። ከላይ በኩል ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር ነበር፤ የቀረው ግን ልስልስ ያለ፣ ሲጫኑት የሚሰምጥ፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ነው።

«ይመታል?»

«አይመታም።»

«ደም ቅዳ ቢሆን እንደ ልብ ይመታ ነበር። ይኼ ደም መልስ ነው፤ ከጭንቅላት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም የሚያወርደው ሥር። እህቴ፣ አፍሽን ግጥም አድርገሽ፣ አፍንጫሽን ይዘሽ ተንፍሺ።»

ከድጃ ተነፈሰች፤ እባጯ ከመዳፉ ሥር ተነፋች። ስታቆም ሟሸሸች። ዶክተሯ አልትራሳውንዱን አንገቷ ላይ አሳርፈው የመሣሪያውን መስኮት ወደ ይመር አዞሩለት። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጥቁር ቧንቧ መሐሉ ላይ እንደ ከረጢት ሰፍቷል። ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር ግራጫ ነገር ተጣብቋል።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አሉት።

«ጎሚስታ ነኝ።»

«የጎማ ጎን ሲያብጥ ጎማው ተቆጥቶ ነው ይላሉ?»

«ኧረ የለም። ግድግዳው ሳስቶ ነው። ንፋስ ሲበዛበት ወደ ሳሳው ይገፋል።»

«ታዲያ?»

በየቀኑ የሰው መኪና ጎማ በመዳፉ የሚዳብስ ሰው የሚስቱን አንገት አልዳበሰም። «ንካት» ብላው ነበር። ወደ ከድጃ ዞር አለ፤ እሷ ግን ጣሪያውን ነበር የምታየው።

«ደም ሳይረጋበት ቢሆን፣ ተዪው፣ እየተመላለስሽ እንየው እላት ነበር» አሉ ዶክተሯ። «ብዙ ሰው ይዞት ያረጃል። ይቺ ግራጫ የረጋ ደም ናት። ተነቅላ ወደ ሳንባ ከሄደች ትገድላለች። ስለዚህ ከረጢቱን ከላይና ከታች አስረን እናወጣዋለን። ደሙ ሌላ መንገድ አለው፣ አትስጉ።»

«ቀደም ብለን መጥተን ቢሆንስ?» አለ ይመር። ለምን እንደጠየቀ አላወቀም።

መልሱን የሰጠችው ከድጃ ናት፣ ከጣሪያው ዓይኗን ሳትነቅል። «ደሴ ውሰደኝ ስልህ አያመኝም ነበር።»

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ይመር ከደሴው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ዱዓ ሊያደርግ ሞክሮ አፉ እንቢ አለው። ሌላ ጊዜ ሰው ሲታመም «ያ ረቢ፣ አድንልኝ» ይል ነበር፤ አሁን «አድንልኝ» ለማለት አፈረ። ዶክተር ፀዳለ ወጥተው «ደህና ናት» አሉት። ያወጡትን በብልቃጥ አሳዩት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የተጨማደደ ቁራጭ ነው። ሰፈሩ የፈራው፣ ቅሬው የተሰበሰበበት፣ እሱ የመሰከረበት ነገር ይቺ ነበረች።

ከድጃ ቤቷ ስትመለስ መብራቱ አረንጓዴ ነበር፤ ስትሰግድም አረንጓዴ፣ ስታስልም አረንጓዴ። ጎረቤት እየተግተለተለ መጣ። ማንም ስለ ሆስፒታሉ አልጠየቀም፤ የአንገቷን ፋሻ እያዩ «ርጋታ ቤቱ አዳናት» ይባባሉ ነበር። ጋሽ ኑርዬም መጡ። ሻያቸውን እየጠጡ የይመርን ትከሻ ቸብ አደረጉት።

«አየህ ልጄ፣ ተግሣጽ ሰውን ይመልሳል። አንተም እውነቱን ተናግረህ ነው ያዳንካት።»

ይመር ከድጃን አየ። ከዚያ ጋሽ ኑርዬን አየ። ራሱን ነቀነቀ።

እንግዶቹ ወጡ። ከድጃ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፣ ትሪውን አስቀመጠች፣ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ነቀነቅክላቸው» አለች።

«ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታችን መጥተው እንዴት...»

«ዝም በል።» ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁስሉ ገና አልጠገገም። ዓይኗ ግን ይመር አይቶት የማያውቀው ዓይን ነበር። «ዛሬ ተቆጥቻለሁ። ስማኝ፣ ይመር፤ ካገባኸኝ ጀምሮ እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም። ስስቅ ተቆጣሽ አልከኝ። ስሰግድ ተቆጣሽ አልከኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የማውቀው ለአላህ ብቻ ነበር፤ አንተ ለሰው አስደፋኸኝ። ልሞትብህ ነበር እኮ። እየሞትኩ በዝናብ ተቆጥቻለሁ እያልኩ ወተት ስጠጣ ነበር!»

ይመር ሳያስበው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የመብራቱ ነጸብራቅ በአጥሩ ላይ አርፏል፤ የከድጃ አንገት ስላልተነፋ አረንጓዴ ነው። አንድ አላፊ አግዳሚ «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ሰላም ቤት ነው» ሲል ሰማ።

«እሱን ታያለህ አሁንም» አለች ከድጃ። «እኔ እዚህ ቆሜ።»

የሚገባበት ጠፋው። «ምን ላድርግ?» አለ።

«በዚያው አፍህ፣ እዚያው ቆመህ፣ ንገራቸው።»

የቅሬው ስብሰባ በደረሰ ጊዜ ይመር ሳይጠራ ተነሳ። «ባለቤቴ ቁጡ ናት ብዬ ነበር» አለ። «ዋሸሁ። ቁጡ አልነበረችም፣ ታማ ነበር። የአንገቷ ደም መልስ ሳስቶ ተነፍቶ ነው። ተቆርጦ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ደሴ ውሰደኝ አለችኝ፣ እናንተን አፍሬ ከለከልኳት። ርጋታ ቤቱ አላዳናትም፤ እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ኑርዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻ ሁሉም ቀና ብለው የአዳራሹን ታዛቢና በላይዋ ያለውን መብራት አዩ፤ ሰውየው የሚናገረው እውነት ይሁን ቁጣ እንድትነግራቸው። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ መብራቱ ቢጫ ሆኖ ነበር። ይመር ያን አይቶ አልተቀመጠም። ስብሰባው እስኪበተን እዚያው ቆሞ ቀረ። ሲወጣ ሰላም ያለው ሰው የለም።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሶፍያ ናት፤ አባቷን በክንዳቸው ደግፋ ይዛለች። የሽማግሌው አገጭና እጅ ያለ ማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ ፊታቸው ደርቆ ዓይናቸው አይርገበገብም። ሰሞኑን የእነሱ ቤት መብራት ቀይ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሽማግሌው ጥላቻ ይዟቸዋል ተብሎ ነበር።

«ጋሽ ይመር» አለች ሶፍያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ትላንት ሲናገሩ ሰማሁ። አባቴም... እንጃ፣ ቁጣ አይመስለኝም። እርስዎ በሽታ መሆኑን እንዴት አወቁ?»

ይመር አንገቱን ደፋ። «እኔ አይደለሁም ያወቅኩት» አለ። «ነግራኝ ነበር።»

ከድጃ ከኋላው ነጠላዋን እየተከናነበች ወጣች። የአንገቷን ጠባሳ አልሸፈነችውም። የሽማግሌውን የሚንቀጠቀጥ እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ጥቂት ቆይታ በሌላኛው ክንዳቸው ገባችና ደገፈቻቸው።

«ዶክተሯ ጋ እኔ እወስዳችኋለሁ» አለች። «አባባ፣ ቀስ ብለው ይርገጡ፤ ደረጃ አለ።»

ይመር በሩን እንደያዘ ቀረ። ይሂድ ይቅር አላወቀም፤ ለመጠየቅም አፈረ። ሦስቱ መንገዱን ጀምረው ጥቂት እንደራቁ የከድጃ ድምፅ መጣ፣ ሳትዞር።

«አንተም ና። ከኋላ ከኋላ ሁን።»